ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ምን ይሆናል?

አንድ ሠራተኛ ፋይል በማስቀመጥ ላይ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢቋረጥ፣ ሰነዱ ከፊሉ አዲስ ከፊሉ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለዚህም ምክንያቱ ሃርድ ዲስክ ፋይሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየክፍልፋዩ የሚጽፍ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የወጣው ኤንቲኤፍኤስ የተሰኘው የፋይል ሥርዓት ለውጡን ከመፈጸሙ አስቀድሞ በልዩ መዝገብ ያሰፍራል። ኃይሉ ሲመለስ መዝገቡ ይነበባል፤ የተሟላው ለውጥ ይፈጸማል፣ ያልተሟላው ይሰረዛል። ይሁንና መዝገቡ የሚጠብቀው የፋይሉን ስም፣ መጠንና አቀማመጥ እንጂ የደብዳቤውን ይዘት አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ነው። የደመወዝና የሂሳብ መረጃ የሚይዙ የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ግን በአብዛኛው ይዘቱንም በራሳቸው መዝገብ ያሰፍራሉ። ዩፒኤስም ቢሆን ዋነኛ ጥቅሙ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎችን ማስገኘቱ ነው።