የሰመጡ የእንፋሎት መርከቦች ይውጡ ወይስ ባሉበት ይቅሩ?

ክርክሩ በዓለም ጆሮ የገባው በታይታኒክ ምክንያት ነው። ስብርባሪዋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው) 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲገኝ፣ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ ሮበርት ባላርድ ማንም እንዳይነካት ተማጸነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ዕቃ የማውጣቱ ሥራ ተጀመረ፤ ከ5,000 በላይ ዕቃም ወጣ። 1,500 ያህል ሰው ያለቀበት ቦታ መቃብር ነውና አይነካ የሚሉ አሉ። ብረቱን ባክቴሪያ እየበላው ስለሆነ ዛሬ ያልወጣው ጠፍቶ ይቀራል የሚሉም አሉ።

የዩኔስኮ የ2001 ስምምነት ለመጀመሪያዎቹ ያደላል። ቢያንስ 100 ዓመት ውኃ ውስጥ የቆየ ቅርስ ባለበት መጠበቁን ያስቀድማል፤ ለንግድ መበዝበዙንም ይከለክላል። ማውጣትን ግን ጨርሶ አይዘጋም፤ ለዕውቀት ወይም ለቅርሱ ጥበቃ የሚበጅ ከሆነ ይፈቅዳል። ጥያቄው እንግዲህ መቼና በምን ዝግጅት ነው።

ለዚህ ከታይታኒክ ይልቅ ስሟ ብዙም የማይነሳው ዛንቶ የተሻለ መልስ አላት። ዛንቶ በ1848 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራች ትንሽ የብረት መርከብ ነበረች። ካረጀች በኋላ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ያገለገለ ሞተር ገጠመላት። ቻርልስ ብሮድኸርስት የተባለ ሰው ገዝቶ ዕንቁ ለሚለቀምበት የምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ አመጣት፤ በ1872 የእርሳስ ማዕድን እንደጫነች ፖርት ግሪጎሪ ላይ ሰመጠች።

በ1983 የምዕራብ አውስትራሊያ ሙዚየም አርኪዮሎጂስት ማይክ ማካርቲና ጓዶቹ ጠልቀው ያገኙት ሞተር ለብሪታንያ ባሕር ኃይል የጦር ጀልባዎች ከተሠሩት ዓይነት ነበር። ይህ ሞተር እንፋሎቱን መልሶ ውኃ አያደርገውም፤ ስለዚህ ጨው የሌለበት ውኃ በብዛት ይፈልጋል። ብሮድኸርስት የሚሠራበት ጠረፍ ደግሞ ንጹሕ ውኃ የሚቸግርበት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሞተር ያላትን መርከብ ለምን ገዛ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያስነሳው መዝገብ ሳይሆን ብረቱ ነው። የእንፋሎት መርከብ የትናንት ነገር ስለሆነ ለአርኪዮሎጂ አይሆንም ይሉ ለነበሩት ይህ በቂ ምላሽ ይመስለኛል።

ማካርቲ ሞተሩን አይቶ ወዲያው ክሬን አልጠራም። መጀመሪያ ኬሚስት ጠልቆ የዝገቱን መጠን ለካ። ቀጥሎ በሞተሩ ፈንታ ዝገት የሚበላው ሌላ ብረት ታሰረበት። ሞተሩ የወጣው ከዚህ በኋላ፣ በ1985 ነው። ባሕር ውስጥ የኖረ ብረት ጨው ጠጥቷልና ዝም ብሎ ቢደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ ኤሌክትሪክ እየተላከበት ጨዉን እንዲተፋ ተደረገ። ድንጋይ መስሎ የተጋገረበትን ቅርፊት ባለሙያዎች ለዓመታት ፈለፈሉ፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ፈቱ፣ አከሙ፣ መልሰው ገጠሙ። ከመቶ ዓመት በላይ ባሕር ውስጥ የቆየው ሞተር ዛሬ ፍሪማንትል በሚገኘው የሰመጡ መርከቦች ሙዚየም ቆሟል፤ በእጅ ሲያዞሩትም ይዞራል።

ታይታኒክን በሙሉ አውጥቶ እንዲህ ማከም የሚታሰብ አይደለም። ከሌሎች ስብርባሪዎች ላይም አንድ ብሎን እንኳ ከመፈታቱ በፊት ገንዳው፣ ኬሚስቱና የዓመታቱ በጀት ተዘጋጅተው መገኘት አለባቸው። ይህን ማሳየት ለማይችል ሁሉ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም።