«ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም»፦ ወሬ ከስዊድን ገበያ

ከመርካቶ ተነስቶ ስቶክሆልም የገባ ነጋዴን ከብርዱ ይልቅ የሚያስገርመው ገንዘቡን የሚፈልግለት ማጣቱ ነው። ዶላሩን በክሮና መንዝሮ አውቶቡስ ቢሳፈር ሹፌሩ ጥሬ ገንዘብ አይነካም። ቡና ቤት ጎራ ቢል «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። ጎዳና ላይ መጽሔት የሚያዞሩት ቤት አልባዎች እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በካርድ ይሸጣሉ። በዚያው ዓመት ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ዘራፊ ባንክ ገብቶ፣ ቅርንጫፉ ጥሬ ገንዘብ የማይዝ ሆኖ በመገኘቱ ባዶ እጁን ወጥቷል። (ቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለው ነበር!)

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው በአውሮፓ የመጀመሪያውን የባንክ ኖት ያወጣች ይህችው አገር መሆኗ ነው። ቀድሞ ገንዘቧ የመዳብ ሳንቃ ነበር፤ በ1644 የተሠራው ባለ 10 ዳለር ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ በሬ የሚገዛ ሰው ተሸካሚ ያስፈልገዋል። በ1661 ፓልምስትሩክ የተባለ የባንክ ሰው በወረቀት ተካው። ካለው ሀብት በላይ ስላተመ ባንኩ ወደቀ፣ በፍርስራሹ ላይ በ1668 የዛሬው ማዕከላዊ ባንክ ተመሠረተ።

የአሁኑን ለውጥ ያፋጠነው «ስዊሽ» ነው። ስድስት ትልልቅ ባንኮች ተሰባስበው በታኅሣሥ 2012 የጀመሩት ሲሆን፣ በስልክ ቁጥር ብቻ ገንዘብ ወዲያው ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ያልፋል። ባንኮቹ ይህን ያደረጉት ለጽድቅ አይደለም። ጥሬ ገንዘብ ዘበኛ፣ ብረት ለበስ መኪናና ቆጣሪ ይፈልጋል። አሁን ግን ነጋዴው በእያንዳንዱ ክፍያ ኮሚሽን ይከፍላል። የአገሩ መታወቂያ ቁጥር ያላገኘ አዲስ መጤ ደግሞ፣ የእኛንም ልጆች ጨምሮ፣ ቁጥሩ እስኪደርሰው ከስዊሽ ውጪ ነው።

ጉድለቱ የታየው በሐምሌ 2021 ነው። ኮፕ የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም በአሜሪካ ኩባንያ በኩል በሰርጎ ገቦች ተመትቶ፣ 800 ያህል መደብሮች ሊዘጉ ተገደዱ። ብር በኪሱ የያዘውም አልገዛም፤ የቆመው የሽያጭ መመዝገቢያው ነበርና። መንግሥት ራሱ ትልልቆቹ ባንኮች የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ በሕግ አስገድዷል። በኅዳር 2024 ለየቤቱ በላከው የጦርነትና የአደጋ ጊዜ መመሪያ ደግሞ ሕዝቡ ቢያንስ ለሳምንት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ቤቱ እንዲያስቀምጥ መክሯል።

እኛ ዘንድ ቴሌብር በግንቦት 2021 ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ከሱቅ እስከ ታክሲ ገብቷል። ነጋዴው ግን ከስዊድን ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር አለ፤ ኮሚሽኑን ማን ይከፍላል? መስመሩ ሲቆምስ ዕቃው እንዴት ይወጣል? ባለፈው ሰሞን እኔው ራሴ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ አስተላልፌ፣ መልእክቱ ሳይደርስ አርባ ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ። ባለሱቁ ሻይ አዘዘልኝ እንጂ ጨርቁን አልሰጠኝም። ሻዩንም ቢሆን የከፈልነው በሳንቲም ነበር።