የተሰወረውን የማስነሻ ዝርዝር እንዴት እንመልሳለን?

በሠልጣኞች መካከል ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ስላለ ይህን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ነበሩ። ዊንዶውሱ ስለተበላሸ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ተጫነ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲከፈት የቱን ልክፈት ብሎ አይጠይቅም፤ ቀጥ ብሎ ዊንዶውስ ይገባል። ታዲያ ኡቡንቱ ውስጥ የነበረው ሥራችን ቀረ ማለት ነው ወይ?»

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ብዙውን ጊዜ አልጠፋም። የዘንገና ሐይቅ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ በዛፍ ተከቦ ስለተቀመጠ መንገደኛ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ አላየሁትም ብሎ ግን ሐይቅ የለም አይልም። ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ግን ብዙዎቻችን እንደዚያ እንላለን። «ጠፍቷል» ብለን ተስፋ ቆርጠን ዲስኩን በሙሉ እንደገና ስናስደልዝ፣ ያልጠፋው ነገር ያን ጊዜ በእውነት ይጠፋል። በዚያ ክፍል ውስጥ የትምህርት ዕቅድ፣ የፈተና ጥያቄ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በአዊኛ የተዘጋጀ ምንባብ ሊኖር ይችላል። የስንት ሌሊት ድካም ነው!

ሀ/ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለምን አስፈለገ?

ሊኑክስን ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። ከእርሱ ከተወለዱት አንዱ የሆነው ኡቡንቱ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ አነሣሽነት በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። በነጻ ይገኛል፤ ለዊንዶውስ የተሠሩ ቫይረሶችም አያስቸግሩትም። በሌላ በኩል ከመሥሪያ ቤት የሚመጡ ቅጾችና አንዳንድ ፕሮግራሞች ዊንዶውስን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ማሽን ማኖር ጥሩ መላ ነው። በተለይም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ አሮጌ ማሽኖች ያሏቸው ሰዎች ወደ ሊኑክስ እየተመለከቱ ነው።

ስለ ፊደላችንም ሥጋት አይግባን። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ፣ አማርኛውም ሆነ በአዊኛ የሚያስፈልገው እንደ «ጝ» ያለው ፊደል በሁለቱም ሲስተሞች ላይ ይጻፋል።

ለ/ ዝርዝሩ የሚሰወረው ለምንድን ነው?

አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አለ እንበል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሁለቱንም ስለሚያውቅ «የት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። በኮምፒዩተር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ግራብ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረው። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የራሱን ዘበኛ በር ላይ ያቆማል። አዲሱ ዘበኛ የሚያውቀው የጌታውን ቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ቤት ግን እዚያው ግቢ ውስጥ እንደ ቆመ ነው።

በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ የዘበኛው ቦታ የዲስኩ የመጀመሪያዋ 512 ባይት ናት። አሠራሩ የመጣው ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ከ512ቱ ውስጥ 446ቱ ለማስነሻው ፕሮግራም፣ 64ቱ ለክፍልፍሎቹ ሠንጠረዥ፣ 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት ናቸው። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በዚያች 446 ባይት ላይ 148 ፊደል ብቻ ይጻፋል። የዚህች ቁራሽ መለወጥ ነው ያን ሁሉ ድንጋጤ የሚያመጣው!

ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አሠራር በሚከተሉት አዳዲስ ማሽኖች ላይ ግን ማስነሻዎቹ በአንዲት ትንሽ ክፍልፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዊንዶውስ ሲጫን ተራውን ብቻ ለውጦ ራሱን ወደ ፊት ያመጣል። ስለዚህ የነዚህኛዎቹ ጥገና ይቀላል።

ሐ/ ከሁሉ በፊት

አንደኛ፣ ማሽኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንወቅ። የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አብረን ተጭነን «ኤምኤስኢንፎ32» ብለን በላቲን ፊደል ብንጽፍ፣ «ባዮስ ሞድ» በሚለው መስመር ላይ «ዩኢኤፍአይ» ወይም «ሌጋሲ» የሚል እናገኛለን።

ሁለተኛ፣ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ እናዘጋጅ። ባለ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽና ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃሉ። ማሽኑን በፍላሹ ስናስነሣ የምንመርጠው «ልሞክር» የሚለውን ነው፤ «ጫን» የሚለውን እንዳንነካ! ፍላሹም ማሽኑ በሚጠቀምበት በዚያው አሠራር መነሣት አለበት።

ሦስተኛ፣ ጥገናውን ከመጀመራችን በፊት የፋይል መክፈቻውን ከፍተን የድሮውን ክፍልፍል እንፈልግ። ሰነዶቻችን እዚያ ከታዩ ወደ ሌላ ፍላሽ እንገልብጣቸው። ይህን የሠራ ሰው ቀሪውን ልቡ ሳይፈራ ይሠራል።

መ/ በአዳዲስ ማሽኖች

ማሽኑ ሲበራ ወዲያውኑ የማስነሻ መምረጫውን ቁልፍ ደጋግመን እንጫን። በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። «ኡቡንቱ» የሚል ስም ከወጣ መርጠን እንግባ። ከገባ ችግሩ የተራ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ባዮስ ገብተን ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ማስነሻ በላይ አድርገን ማስቀመጥ ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዊንዶውሱ ቢትሎከር በሚባለው መቆለፊያ ተቆልፎ ከሆነ፣ ተራው ሲለወጥ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩን አስቀድመን ወረቀት ላይ እንያዝ።

ስሙ ጨርሶ ካልወጣ የማስነሻዎቹ ክፍልፍል ተደልዞ ይሆናል። ያን ጊዜ በፍላሹ ተነሥተን፣ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ቡት-ሪፔር የሚባለውን መጠገኛ ብንጭን አብዛኛውን ሥራ ራሱ ይሠራዋል።

ሠ/ በአሮጌ ማሽኖች

በፍላሹ ተነሥተን ተርሚናል የሚባለውን መስኮት እንክፈት። ትእዛዞቹ በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆኑ፣ እዚህ ያስቀመጥነው አነባበባቸውን ነው።

1ኛ/ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብለን ቦታ ዘለን «-ኤፍ» እንጨምር። የዲስኩ ክፍልፍሎች ይዘረዘራሉ። «ኤክስት4» የሚል ዓይነት ያለው የኡቡንቱ ቤት ነው፤ ለምሳሌ «ኤስዲኤ5» ሊሆን ይችላል።

2ኛ/ ያንን ክፍልፍል «ሱዶ ማውንት» በሚለው ትእዛዝ «ኤምኤንቲ» ከሚባለው ማኅደር ጋር እናገናኝ።

3ኛ/ «ሱዶ ግራብ-ኢንስቶል» የሚለውን እንጻፍ። የቡት ማኅደሩ በ«ኤምኤንቲ» ውስጥ ያለው «ቡት» መሆኑን አመልክተን፣ መጨረሻ ላይ የዲስኩን ስም እንጨምር። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ የሚጻፈው የሙሉ ዲስኩ ስም «ኤስዲኤ» ነው፤ ቁጥሩ አይገባም። ዘበኛው የሚቆመው ግቢው በር ላይ ነውና።

4ኛ/ ፍላሹን ነቅለን ማሽኑን እንደገና እናስነሣ። ወደ ኡቡንቱ ከገባን በኋላ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ስንል ዊንዶውስን ፈልጎ ከዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል።

ዊንዶውሱ ካልተገኘስ? ግራብ ከ2.06 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሌላ ሲስተም መፈለጉን በራሱ ትቷል። በ«ኢቲሲ» ማኅደር፣ «ዲፎልት» ውስጥ ባለው «ግራብ» በተባለው ፋይል ላይ «ግራብ ዲዜብል ኦኤስ ፕሮበር» የሚለውን መስመር እኩል ይሆናል «ፎልስ» ብለን ጽፈን፣ አራተኛውን ትእዛዝ መድገም ነው።

በመጀመሪያው ተራ ላይ «ኤክስት4» የሚባል ጨርሶ ካልታየ ግን ክፍልፍሉ በጭነቱ ጊዜ ተሰርዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ በዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አንጻፍበት። ቴስትዲስክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የተሰረዘ ክፍልፍልን ፈልጎ ሊያገኝ ይችላልና፣ በላዩ ካልተጻፈበት ተስፋ አለው።

ረ/ ለወደፊቱ

ኮምፒዩተር ለሠሪ ስንሰጥ «ፎርማት አድርግልኝ» ብቻ ብለን አንሂድ። «ዊንዶውስ ያለበትን ክፍል ብቻ ነው፣ ሌላውን እንዳትነካ» እንበል፤ ከተቻለም የክፍልፍሎቹን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈን እንስጠው። ሁለቱንም አዲስ የሚጭን ሰው ዊንዶውስን ያስቀድም፣ ኡቡንቱን ያስከትል። ጥገናውን ስንሠራ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የላፕቶፑ ባትሪ የሞላ ይሁን። ከሁሉም በላይ የሥራችን ግልባጭ ከማሽኑ ውጭ ይኑር።

ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ኮምፒዩተሩ አንድ፣ ሠሪውም ከተማ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ርእሰ መምህሩ «ሁሉ ነገር ጠፋ» ሲሉ «ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ እንየው» ለማለት የሚችል መምህር ቢገኝ፣ የአንድ ዓመት የተማሪዎች ውጤት ሊያድን ይችላል። ይህን ጽሑፍ በደብተራችሁ ገልብጡት፤ ፍላሹንም ከአሁኑ አዘጋጁ።

ከሠልጣኞች፣ ዘንገና