ከድልድዩ ሥር ያለው አዳራሽ

ለገሃር ላይ ሁለት ጣቢያዎች አሉ። አንዱ ፊቱን ወደ ቸርችል ጎዳና አዙሮ የቆመው የምድር ባቡር ነባር ህንፃ ነው። ሌላው ከፊቱ፣ ከአስፋልቱ በላይ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የወጣው የቀላል ባቡር ጣቢያ ነው። ሥራዬ የትራንስፖርት ዕቅድ ስለሆነ ወደዚህ ሰፈር እመላለሳለሁ፤ ለሙያው አዲስ የሆኑ ልጆች ሲመጡም መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንኑ ነው። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለ ጣቢያ ዕቅድ መጠየቅ ያለበት ነገር ግን አብዛኛው በዚያች አጭር መንገድ ላይ ይገኛል።

የነባሩ ታሪክ ረጅም ነው። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሀዲዱ ድሬዳዋ በ1895 ደረሰ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሥራው ለዓመታት ስለተጓተተ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናየው ህንፃ የተመረቀው ደግሞ ከዚያም ቆይቶ በ1922 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ። ያ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ዘመን ሮም ድረስ ተወስዶ ኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ያን ጊዜ ከተማው ያለው ላይ፣ በአራዳና በቤተ መንግሥቱ ግቢ ዙሪያ ነበር፤ ጣቢያው ደግሞ ታች ሜዳው ላይ። ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ ወደ ባቡሩ የወረደው ከተማው ነው። ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቁልቁል ለገሃር የሚደርሰውን ቸርችል ጎዳናን ብታዩ ብሔራዊ ቴአትሩም ባንኮቹም ተራ በተራ ወደ ጣቢያው ሲወርዱ ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ጣቢያ ለከተማ ቅርጽ ምን ያህል እንደሚያደርግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው አቀማመጡን ነው። መጀመሪያ አደባባይ፣ ቀጥሎ ህንፃ፣ ከህንፃው ጀርባ ሀዲድ። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ስንቁን አሲዞ፣ ሸኚ አስከትሎ፣ ቀደም ብሎ ነበር የሚመጣው። አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ ወይም አዳማ የሚወርደውም ቢሆን ዕቃ ይዞ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። መጠበቅ የጉዞው አካል ስለነበረ የጣቢያው ሠሪዎች ለመጠበቂያው ቦታ ሰጡት፤ ባቡሩን ከኋላ አድርገው ፊቱን ለሰው ተዉት።

ባቡሩ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከለገሃር መነሳት አቆመ። የቀላል ባቡሩ ግንባታ የተጀመረው በ2004 ሲሆን፣ የቃሊቲና የምኒልክ አደባባይ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008፣ የአያትና የጦር ኃይሎች መስመር ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሥራ ጀመረ። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነውና አሮጌውን ሀዲድ ለአዲሱ ማዋል አይታሰብም ነበር። ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ተሠራ፤ የከተማው ዋና ዋና መንገዶች የሚጨናነቁበት መካከለኛው ክፍል ደግሞ ወደ ላይ ወጣ።

ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች፣ ማለትም በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በተግባረ ዕድና በልደታ፣ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሀዲድ ይሄዳሉ። ለገሃር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚጠብቅ ሰው የአያትም የቃሊቲም ባቡር ከዚያው ቦታ ይመጣለታል። ወደ ምዕራብ የሚሄደውም እንደዚሁ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ አንዱ በመርካቶ አድርጎ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይወስደዋል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ መስመር መቀየር የፈለገ ሰው ከወረደበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ ይቀይራል። ጉዳቱም አለ፤ አንድ ባቡር በዚህ መካከል ከቆመ ሁለቱም መስመሮች አብረው ይቆማሉ።

በየጊዜው የምሰማው ጥያቄ አለ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ፌስታል በሁለት እጃቸው የያዙ እናት ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ አጠገባቸው ያለውን ወጣት ይጠይቃሉ፦ “ልጄ፣ ይሄ ቃሊቲ ነው አያት?” ልጁም “አያት ነው እማማ፤ እርስዎ ሰማያዊውን ይጠብቁ” ይላቸዋል። የአያቱ መስመር ባቡር አረንጓዴ፣ የቃሊቲው ሰማያዊ መሆኑ ለእኚህ እናት ከማንኛውም ሰሌዳ ይበልጣል። ማንበብ የማይችልም፣ ዓይኑ የደከመም ቀለም ያያል። ከመስመሩ ሥራ ሁሉ ይህን እወድለታለሁ። ግን ጥያቄው የሚመለሰው ደረጃው ከተወጣ በኋላ ነው። አቅጣጫ ተሳስቶ በሌላው በኩል የወጣ ሰው እንደገና ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ በሁለት እጁ ዕቃ ለያዘ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዲሱ ጣቢያ ሲታቀድ መጠበቅ አጭር ይሆናል ተብሎ ነው የታሰበው። ባቡሩ ቶሎ ቶሎ ከመጣ አዳራሽ ለምን ያስፈልጋል? ሐሳቡ በራሱ ስህተት አይደለም። ነገር ግን በመለዋወጫ እጥረት በርካታ ባቡሮች ከሥራ ሲወጡ የመጠበቂያው ጊዜ ረዘመ፤ መጠበቂያው ቦታ ግን እንደነበረው ቀረ። ለገሃር የአውቶቡስና የታክሲ ሰፈርም ነው። ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ የሚይዝ፣ ከታክሲ ወርዶ ወደ ደረጃው የሚሮጥ፣ ሰው የሚጠብቅ፣ ሁሉም እዚያው ይገናኛል።

እነዚህ ሰዎች የት ይቆማሉ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ መልሱን ማንም ያየዋል። ዶፉ ሲወርድ የእግረኛው መንገድ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆንና ሕዝቡ ከድልድዩ ሥር ይገባል። ምሰሶውን ተደግፎ ስልክ የሚያወራ አለ፤ ልጇን አዝላ ዝናቡ እስኪያባራ የምትጠብቅ አለች፤ ጃንጥላውን አራግፎ የሚያጥፍ አለ። ማንም ሳያቅደው የጣቢያው አዳራሽ እዚያ ተከፍቷል። ጣሪያው ሀዲዱ የተኛበት ኮንክሪት ነው፤ ወለሉ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም። ከላይ የሚወርደው ውኃ መቆሚያው ሥር ይተኛል፣ መቀመጫ የለም፣ የሚያልፈው መኪና ውኃውን ይረጫል። በዕቅድ ወረቀቶቻችን ላይ ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚሣለው፤ ምሰሶዎቹ ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ፣ በመካከላቸው ምንም የለም። እኔ ባዶ ነው ብዬ አልቀበልም። የለገሃር ሰው በእግሩ የመረጠው መጠበቂያ ነውና ዕቅዱ ከዚያ መነሳት አለበት።

ነገሩን አሁን የማነሳው በምክንያት ነው። የለገሃር ዙሪያ 36 ሔክታር ያህል መሬት በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ዕቅድ መሠረት መልሶ እንዲለማ ተወስኗል፤ በአካባቢው የሚኖርና የሚሠራ ሰው ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። ያ ሁሉ ሰው በዚሁ ደረጃ ነው የሚወጣው፣ በዚሁ ድልድይ ሥር ነው የሚጠለለው። ስለዚህ የአዳዲሶቹ ህንፃዎች መግቢያ ወዴት እንደሚዞር በንድፍ ላይ ሲወሰን፣ ከነባሩ ጣቢያ አደባባይ ተነስቶ እስከ ደረጃው እግር፣ ከደረጃው እግር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚደርሰው የእግረኛ መስመር አብሮ ይሰመር። የሁለቱ መስመሮች ቀለም ከታች፣ ሰው ደረጃውን ከመርገጡ በፊት፣ በሰፊው ይቀባ። ከድልድዩ ሥር የሚወርደው ውኃ ቦይ ይሠራለት፤ የቦዩም ክዳን ሽማግሌ እንዳያደናቅፍ ከመንገዱ እኩል ይሁን።