የቶሚ ጆን ግራ ክንድ

ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ በሚኤሶና በአካባቢዋ ቆላ ማሳዎች ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። ቀኑን ሙሉ የወነጨፈ ልጅ ማታ ክንዱን ማሸቱ አይቀርም። ውርወራን እንጀራው ያደረገ ሰውማ ምን ይሁን?

ቺሮ ላይ ኳስ ሲባል እግር ኳስ ነው፤ ቤዝቦልን ከፊልም ውጭ ያየ ሰው ብዙም አይገኝም። በዚህ ጨዋታ ወርዋሪው ትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ይቆማል። 18.44 ሜትር ርቆ ደግሞ ተጋጣሚው ዱላውን ደግኖ ይጠብቀዋል። ኳሷ 145 ግራም ገደማ ናት፤ ፈጣን ወርዋሪ ሲለቃት ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ትደርሳለች። የዚህን ሁሉ ፍጥነት ዕዳ የምትከፍለው በክርን ውስጠኛ ጎን የክንድን የላይኛውና የታችኛው አጥንት የምታያይዝ አንዲት አጭር ጅማት ናት።

አሜሪካዊው ቶሚ ጆን ግራኝ ነበር። ፈጣን የሚባል ወርዋሪ አልነበረም፤ ኳሷ ዱላው ጋ ስትደርስ ዝቅ እንድትል ማድረግ ግን ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1974 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲጫወት ያቺ ጅማት ተበጠሰች። ያን ጊዜ 31 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ የውድድር ዘመን 13 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው በ3 ብቻ ነው። እንዲህ የተጎዳ ወርዋሪ ደግሞ ሥራው አበቃለት ማለት ነበር።

የቡድኑ ሐኪም ፍራንክ ጆብ ከዚያ በፊት በወርዋሪ ላይ ያልተሞከረ ነገር አሰበ። ከደህናው ቀኝ ክንድ አንድ ጅማት ወስዶ፣ የግራ ክርኑን አጥንቶች በስቶ፣ ጅማቱን በቀዳዳዎቹ እያሾለከ አሰረው። ተመልሶ የመጫወት ዕድሉን ከመቶ አንድ ብሎ ገምቶት ነበር። ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀም ነገሩ አልቀናም፤ ነርቩ ተጎድቶ ጣቶቹ አልታዘዝ ስላሉት በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። 1975ን ሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ።

በ1976 ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት 20 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከጉዳቱ በፊት እዚህ ቁጥር ላይ ደርሶ አያውቅም። ከ288 ድሎቹ 164ቱን ያገኘው በተጠገነው ክንድ ነው። እዚህ ላይ ለሐኪሙ ጥቂት ይቆረቁረኛል፤ ሙያው የጆብ ሆኖ ሳለ ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ድረስ የሚጠራው በታካሚው ስም ነው። አሁን ለብዙ ፕሮፌሽናል ወርዋሪዎች ተደርጓል። አሳሳቢው ነገር ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት የሚወረውሩ ታዳጊዎችም ለዚሁ መዳረጋቸው ነው።

ቶሚ ጆን 26 የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ1989፣ በ46 ዓመቱ አቆመ። በዚያው ዓመት ማርክ ማክጓየር የተባለ ወጣት ኳሱን መትቶበት ነበር። የማክጓየር አባት የቶሚ ጆን የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ እሱም የጥርስ ሐኪምህ ልጅ ኳስህን መምታት ከጀመረ ጡረታ መውጫህ ደርሷል እያለ ይቀልድ ነበር።