«ዓይናችሁ ደኅና ነው» ተብለን ለምን ያመናል?

ጧት መሥሪያ ቤት ስንገባ ደኅና የነበረው ዓይናችን፥ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አሸዋ እንደ ተበተነበት ሁሉ መቈርቈር ይጀምራል። ፊደሉ አንዴ ይደበዝዛል፥ አንዴ ይጠራል፤ ማታም ሕመሙ ወደ ግንባር ይወጣል። በኮምፒዩተር ፊት ውሎ በስልክ ፊት የሚያመሽ ተማሪና ሠራተኛ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

እኛም ሕመሙ ቢጠናብን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ከግድግዳ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ እስከ መጨረሻው መሥመር አነበብንና «ዓይናችሁ ደኅና ነው» ተባልን። በሁለተኛውም ቦታ ቃሉ ያው ሆነ። በሦስተኛው ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላል የተባለ መነጽር ገዛን፤ ገንዘቡ ሄደ፥ ሕመሙ ቀረ። እንግዲህ ሕመሙ የሐሳብ ብቻ ኖሯልን? አይደለም።

የዚህ ዓይነቱን ሰሌዳ ያወጣው ሆላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ስኔለን ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1862 ነበር። ሰሌዳው የሚለካው ዓይን የሩቁን ፊደል ለይቶ ማየቱን ነው። ስክሪኑ ግን የሚገኘው በክንድ ርቀት ላይ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ቀኑን ሙሉ በቅርብ ነገር ላይ ተስማምተው ይውሉ እንደ ሆነ፥ እንባውም ይበቃ እንደ ሆነ ሰሌዳው አይናገርም።

በተለይ የእንባው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በዚያው አቈጣጠር በ1993 ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች ሰው ዓይኑን ስንት ጊዜ እንደሚያርገበግብ አስቈጥረው ነበር። በአማካይ ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ 22 ጊዜ፥ መጽሐፍ ሲያነብ 10፥ ከስክሪን ሲያነብ ግን 7 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዓይን ቆብ ካልተከደነ እንባው አይዳረስም፤ የዓይኑ ገጽ ይደርቃል፥ የደረቀውም ይቈረቍራል። ስለ ሰማያዊው መነጽርም ኮክሬን የተባለው የጥናት ድርጅት በ2023 ባወጣው የ17 ጥናቶች ግምገማ፥ ለአጭር ጊዜ ሲታይ ድካሙን ከተራ መነጽር ይበልጥ የሚያቃልል አይመስልም ብሏል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ የደበቅን አልመሰለንም ነበር፤ ሆኖም «ዓይናችንን ያመናል» ብለን ዝም ማለታችን ግማሹን መደበቅ ኖሯል። ስለዚህ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፥ በዕረፍት ቀን ይተው እንደ ሆነ፥ አንዱን ዓይን ስንከድን ይቀል እንደ ሆነ ለአንድ ሳምንት ጻፍን። ወረቀቱንም ይዘን ወደ አራተኛው ሐኪም ሄድን። እርሳቸውም አንብበው እንባችንን መረመሩ፤ ፈጥኖ እንደሚደርቅም አገኙት።

የታዘዝነው ቀላል ነው፤ ይኸውም በሞቀ ጨርቅ የዓይንን ቆብ ማሞቅ፥ ስክሪኑን ከዓይን ትይዩ ጥቂት ዝቅ ማድረግ፥ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሴኮንድ እያዩ ማርገብገብ ነው። ሕመሙ ፈጽሞ ባይጠፋም ዛሬ ሥራችንን እንጨርሳለን።

ነገር ግን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዛ፤ ስቴሮይድ ያለበት የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። ዓይን ቀልቶ በድንገት ቢያም፥ እይታ ቢቀንስ ወይም ማስመለስ ቢከተል ያን ዕለት መታየት ይገባል።

የቀረው ሕመምተኛ ግን ወረቀቱን ጽፎ ይሂድ፤ ሐኪሙም ሰሌዳውን ካስነበበ በኋላ እንባውንም ይይልን እንላለን።