የቡለኑ ቀዳዳ ቢገጥምም

ያረጀ ሞተር ብስክሌት በርካሽ ዋጋ የገዛ ወጣት ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው መንዳት፥ ሁለተኛው መለዋወጫ መፈለግ ነው። ሞዴሉ መሠራቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ያለፈው ሲሆን ዕቃው በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ከአንዱ አሮጌ ሞተር ፈትቶ ለሌላው መግጠም የተለመደ ነው። ይህም ብልሃት እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን መስተዋትና ኮርቻ መለዋወጥ ሌላ፥ ባትሪ የሚሞላውን ክፍል መለዋወጥ ሌላ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1831 ዓ.ም. መለስ እንበል፤ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አረጋገጠ። በሞተር ብስክሌት ሆድ ውስጥ የሚሠራውም ይኸው ሕግ ነው። ሞተሩ ማግኔቱን ያሽከረክራል፤ በዙሪያው ያለው ቋሚ ጥቅል ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ዲዮዶች ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፉታል፤ ሬጉሌተሩም መጠኑን ይወስናል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ማግኔቱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። በአንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ በሱዙኪ ጂ ኤስ ሞተሮች፥ ማግኔቱ ዘላቂ ነው። ኃይሉ ከምንጩ ስለማይቀነስ ሬጉሌተሩ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ወደ ጥቅሉ መልሶ ያጠፋዋል፤ በዚህም የተነሣ በጣም ይግላል። በሌሎቹ ግን፥ ለምሳሌ በያማሃ ኤክስ ኤስ 650፥ ማግኔቱ ራሱ የሽቦ ጥቅል ሲሆን ከባትሪው ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ማግኔት አይሆንም። ኤሌክትሪኩ የሚደርሰው በሁለት ካርቦኖች አማካይነት ነው፤ ሬጉሌተሩም ይህን ኤሌክትሪክ በመጨመርና በመቀነስ ጠቅላላውን ኃይል ይገዛል። የአንዱን ወገን ሬጉሌተር ለሌላው ወገን መስጠት ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ ጂ ኤስ ነጂዎች የተቃጠለባቸውን ሬጉሌተር በሆንዳ ሬጉሌተር ተክተው በደኅና ሲነዱ ኖረዋል፤ የመረጡት ከዚያው ከዘላቂ ማግኔት ወገን የሆነውን ነውና።

ይሁን እንጂ ወገን መመሳሰሉ ብቻውን አይበቃም። ኤክስ ኤስ 650 እስከ 1979 ሞዴል ድረስ አንደኛው ካርቦን ከማሳ ጋር፥ ማለት ከሞተሩ ብረት ጋር፥ የተያያዘ ነበር፤ ሬጉሌተሩም ፖዘቲቩን ለሁለተኛው ካርቦን ይሰጣል። ከ1980 ሞዴል ጀምሮ ግን ሥርዓቱ ተገለበጠ። ፖዘቲቩ በቀጥታ ወደ አንዱ ካርቦን ይሄዳል፤ ሬጉሌተሩም ሁለተኛውን ከማሳ ጋር ያገናኛል። ስሙ አንድ፥ መልኩ አንድ፥ አሠራሩ ግን ተቃራኒ ነው።

አሁን የ1980ውን ሬጉሌተር በ1977ቱ ሞተር ላይ እንግጠም። አንዱ ካርቦን አስቀድሞ ማሳ ላይ ነው፤ አዲሱ ሬጉሌተርም ሌላውን ማሳ ያደርገዋል። ሁለቱም ወገን ማሳ ከሆነ ኤሌክትሪክ አይሄድም፤ ማግኔትም አይኖርም። አታላዩ ነገር ባትሪው ሙሉ እስከ ሆነ ድረስ ሞተሩ መነሣቱ ነው። ነጂውም ሥራው የተሳካ መስሎት ይሄዳል። ባትሪው ግን ሳይሞላ እየተበላ ነው። ሲመሽ መብራቱ ይደበዝዛል፤ የካንዴላውም እሳት ከባትሪው የሚመጣ ስለሆነ በመጨረሻ ሞተሩ ራሱ ይቆማል። ይህም በጨለማ፥ ከኋላ የጭነት መኪና በሚመጣበት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቸኩሎ ሽቦ የሚቀጣጥልም አለ። ፖዘቲቩን ማሳ ላይ ባለው ካርቦን ቢያደርገው ፊውዙ ይቃጠላል። በሌላው ቢያደርገው ደግሞ ኃይሉ ገዥ ያጣል፤ ባትሪው ይፈላል፥ አምፖሎችም ይቃጠላሉ። ትክክለኛው መንገድ ማሳ ላይ ያለውን ካርቦን ከብረቱ ለይቶ የራሱን ሽቦ መስጠት ነው፤ ከዚያ በኋላ የ1980ው ሬጉሌተር በአሮጌው ሞተር ላይ በደንብ ይሠራል።

በቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ትራያምፍና ቢ ኤስ ኤ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ማሳ የሚሆነው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ በጃፓኖቹ ግን ኔጋቲቩ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው አዲሱን ሬጉሌተር በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሣት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ማግኔቱ ዘላቂ ነው ወይስ ጥቅል? ሬጉሌተሩ የሚገዛው ፖዘቲቩን ነው ወይስ ማሳውን? የባትሪው የትኛው ጫፍ ማሳ ነው? ከተገጠመም በኋላ በቴስተር መለካት ነው። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር በ12 ቮልት ባትሪ ጫፎች ላይ ከ14 እስከ 14.5 ቮልት ቢታይ መልካም ነው፤ ከ13 በታች ቢሆን ባትሪው በደንብ አይሞላም፥ ከ15 በላይ ቢሆን እየተጎዳ ነው።

ደመወዙን ቆጥቦ ሞተር የገዛ ወጣት ለዚህ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ቢያጠፋ አይከስርም። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለሸንጎ ሙግት ብቻ አይደለም፤ ለጋራዥም ይሠራል።